ጥይት የሚመረጠው ለጎረቤት ነው

  አንድ ክርክር ከሰሞኑ ይዞን አልለቀቀንም፤ እናንተም እንድትገቡበት ብለን እነሆ ይዘነው መጣን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወዳጃችን ልጁን ክርስትና አስነሥቶ ጠርቶን ነበር። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር፣ ጨዋታው ከታክሲ ገበያ ተነሥቶ፣ የቤት ኪራይን ነካክቶ፣ ሳናስበው ሽጉጥ ላይ አረፈ። ለካስ ከተጋባዦቹ ግማሹ ታጥቆ ነው የመጣው! ክርክሩም «የትኛው ሽጉጥ?» የሚል አልነበረም፤ «የትኛው ጥይት?» የሚል ነበር።

«ፎርቲ ፋይቭ ያልያዘ ሰው ባዶ እጁን እንደወጣ ይቁጠረው» አለ አንዱ ወገቡን መታ መታ እያደረገ። «ባክህ ጥይት ጥይት ነው፤ እኔ ርካሹን ፓኮ ገዝቼ እሞላዋለሁ» አለ ሌላው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ደግሞ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ያ አፉ የተከፈተው ጥይት የአረመኔ ነው። ዱምዱም ነው እኮ! እኔ ድፍኑን እንጂ እሱን በኪሴ አልይዝም» አሉ።

ይኼኔ ቡናውን ስትቀዳ የነበረችው እኅታችን ጀበናውን እንደያዘች ቀና አለች። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሱቅ በማታ ፈረቃ የምትሠራ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ እኔ የምሠራበት ሱቅ ከግድግዳው ጀርባ ሰው ይኖራል። ማታ ማታ የሕፃን ልቅሶ ይሰማኛል። ጥይቱ ሌባውን አልፎ ቢሄድ ማን ጋ ነው የሚያርፈው?»

ማንም አልመለሰላትም። የካሊበሩ ጀግና ዝም፣ የርካሹ ፓኮ ደንበኛ ዝም። እኛም ዝም ብለን ወጣን። ይህን ጽሑፍ የወለደው ያ ዝምታ ነው።

አቋማችንን ከመነሻው እንናገር፣ ኋላ «እነዚህ ልጆች ወገናቸው የት ነው?» እንዳትሉን። እኛ ማንንም ታጠቁ አንልም። ከመካከላችን የሚታጠቅም አለ፣ የማይታጠቅም አለ። ነገር ግን በዚህ በአሜሪካ ወገናችን በሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ ነዳጅ ማደያ ይሠራል፣ የመጠጥ ሱቅ ይከፍታል። በእነዚህ ሥራዎች ላይ ሰው እንደሚዘረፍና እንደሚገደል የማያውቅ የለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ደግሞ እንደ ሜሪላንድ ባሉ ግዛቶች ፈቃድ ማግኘት ከበፊቱ ቀሏል። ስለዚህ የሚታጠቀው ወገን በዝቷል። ከታጠቀ አይቀር ታዲያ ምን እንደሚተኩስ ይወቅ! የምንለው ይኼው ነው፦ ጥይት የሚመረጠው ለሚመታው ሰው አይደለም፤ መመታት ለሌለበት ሰው ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። መጀመሪያ ከካሊበሩ ጀግና እንጀምር።

ወንድማችን፣ ትልቅ ጥይት ትልቅ ወንድ አያደርግም! ፎርቲ ፋይቭ የሚባለው አረር ውፍረቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ናይን ሚሊ ሜትሩ ስሙ ራሱ ይነግርሃል፣ 9 ነው። ልዩነታቸው ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል! ለዚህች ስትል ግን ብዙ ትከፍላለህ። በአንድ መጠን ሽጉጥ ውስጥ የሚገባልህ ጥይት ያንሳል፣ ሽጉጡ እጅህ ላይ ይበልጥ ይዘላል፣ ሁለተኛውን ጥይት እስክታነጣጥር ጊዜ ይወስድብሃል።

ይህ የእኛ ግምት አይደለም። ኤፕሪል 11 ቀን 1986 ማያሚ ላይ የኤፍ.ቢ.አይ. ሰዎች ከሁለት ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱ። ሁለት የኤፍ.ቢ.አይ. ባልደረቦች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ገና በጊዜ በናይን ሚሊ ሜትር ተመትቶ ነበር። አረሩ ክንዱን በስቶ ደረቱ ውስጥ ገባና ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሰውየውም እስኪሞት ድረስ መተኮሱን ቀጠለ። ኤፍ.ቢ.አይ. ከዚያ ወዲህ የጥይት መፈተኛ ደንብ አወጣ። ጥይቱ የሰው ሥጋን እንዲመስል ተደርጎ በሚሠራ ጄላቲን ላይ፣ ባዶውንም፣ በወፍራም ልብስም፣ በመኪና መስታወትም፣ በግድግዳ ሰሌዳም ተሸፍኖ ይተኮሳል። ከ12 ኢንች በታች፣ ማለትም ከ30 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከገባ አይበቃም፤ ከ18 ኢንች፣ ከ45 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ደግሞ በዛ ይባላል።

ልብ በሉ! ደንቡ ወለል ብቻ ሳይሆን ጣሪያም አለው። «አነሰ» እንደሚባለው ሁሉ «በዛ» የሚባልም ነገር አለ ማለት ነው። የክርስትናው ቤት ክርክር የጎደለው ይህን ጣሪያ ነው።

ኤፍ.ቢ.አይ. ከማያሚ በኋላ ወደ ትልልቅ ካሊበሮች ሄደ። ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ ግን በ2014 የሥልጠና ክፍሉ ምክንያቱን ጽፎ አቀረበና መሥሪያ ቤቱ ወደ ናይን ሚሊ ሜትር ተመለሰ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የዛሬዎቹ የመከላከያ ጥይቶች በደንብ ከተሠሩ በካሊበር መካከል ያለው ልዩነት ጠቧል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ በናይን ሚሊ ሜትር ፈጥኖና አጥርቶ ይመታል። ኤፍ.ቢ.አይ. ሳያፍር የተመለሰበትን መንገድ የእኛ ሰው ለምን ያፍርበታል?

ቀጥሎ የርካሹ ፓኮ ደንበኛ ይቅረብ። «ጥይት ጥይት ነው» ብለሃል። አይደለም ወንድም።

ለማያውቀው እንንገር። በየሱቁ ባለ 50 ሆኖ የሚሸጠው ርካሹ ጥይት ድፍን ነው፤ እርሳሱ በመዳብ ተለብጦ አፍንጫው ክብ የሆነ። ለልምምድ ግሩም ነው። ሰው ላይ ሲተኮስ ግን ቅርጹን ሳይለውጥ እንደ መርፌ በስቶ ያልፋል። ድፍን ናይን ሚሊ ሜትር በጄላቲኑ ውስጥ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሄዳል። የሰው ደረት ውፍረት ስንት ነው? በእጅህ ለካው! የተረፈው ጉዞ የማን ነው? የወረፋ ተራው የደረሰው ደንበኛ ነው፣ የአውቶቡስ ጠባቂው ነው፣ ከግድግዳው ጀርባ የሚያለቅሰው ሕፃን ነው።

ሌላኛው፣ በየሱቁ ባለ 20 ሆኖ በውድ የሚሸጠው፣ ሆሎው ፖይንት የሚባለው ነው። ጫፉ የተቦረቦረ ነው። ሥጋ ውስጥ ሲገባ አፉ ይከፈትና እንደ አበባ ይዘረጋል፣ 9 የነበረው ወደ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ፍጥነቱንም እዚያው ይጨርሳል። በደንቡ ልክ የተሠራ ከሆነ የመቆም ዕድሉ ከድፍኑ በብዙ ይበልጣል። የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ በ1998 ከድፍን ወደ ሆሎው ፖይንት እቀየራለሁ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ድፍኑ ጥይት እየበሳ እያለፈ መንገደኛውንም የራሱን ፖሊስም እየመታ ስላስቸገረ።

በዚያው ከተማ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1999 የሆነውን ደግሞ ስደተኛ የሆነ ሁሉ ሊረሳው አይገባም። አማዱ ዲያሎ የተባለ የ23 ዓመት የጊኒ ልጅ ብሮንክስ ውስጥ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። መሣሪያ አልያዘም። ቦርሳውን ከኪሱ ሊያወጣ ሲል አራት ፖሊሶች 41 ጥይት ተኮሱበት። 19ኙ አገኙት። ያኔ የተተኮሰው ድፍኑ ነበር። የዲያሎ ሞት የፖሊስን ጥፋት እንጂ የጥይትን ምርጫ አያስተምርም የምትሉ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ። እኛ ግን ሌላም ነገር እንቆጥራለን፦ 22ቱስ የት ሄዱ? ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ደጃፍ ላይ! ሥራዬ ብሎ የሠለጠነ ሰው ከቅርብ ርቀት ተኩሶ ከግማሽ በላዩን ከሳተ፣ በዓመት አንዴ ተኩስ ሜዳ የሚሄደው የእኛ ሰው ስንቱን ይስት ይሆን?

አሁን ወደ ጋሼ እንምጣ። ከሁሉም ክብደት ያለው የእሳቸው ነገር ነውና በአክብሮት እንመልስ።

ጋሼ፣ «ዱምዱም» የሚለው ቃል እኛ ቤት እንደዋዛ የገባ ቃል አይደለም፤ እናውቃለን። ስሙ የመጣው ከሕንድ፣ ካልካታ አጠገብ ካለው የእንግሊዞች የጥይት ፋብሪካ ነው። በ1899 የሄግ ጉባኤ አገሮች እርስ በርስ ሲዋጉ ሥጋ ውስጥ የሚዘረጋ ጥይት እንዳይጠቀሙ ተስማሙ። ከዚያ በ1935 እና 1936 ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ሲወር፣ ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ይተኩሳሉ ብሎ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ከሰሰን። ይህን ክስ የሚያቀርበው በሰውና በከብቱ ላይ፣ በወንዙና በሜዳው ላይ የመርዝ ጋዝ እያዘነበ ነበር! ስለዚህ ቃሉ ሲነሣ ያባቶቻችን ስም የጠፋበት ቃል ነውና ያንገሸግሸናል። ጋሼ ቢጠየፉት አይገርመንም።

ነገር ግን የሄግ ስምምነት የጦር ሜዳ ሕግ ነው። በጦር ሜዳ ከጠላት ጀርባ ያለው ሌላ ጠላት ነው። በሱቅ ውስጥ ከሌባው ጀርባ ያለው ማን ነው? የወተት ማቀዝቀዣውና እናት ናት! ለዚህ ነው ያው በጦር ሜዳ የተከለከለው ጥይት በየከተማው ፖሊስ ወገብ ላይ የሚገኘው። ርኅራኄ ያለው ጥይት የለም ጋሼ። ድፍኑ ለሚመታው ሰው ያዘነ ቢመስልም፣ ለማያውቀው ሰው ጨካኝ ነው። ኃጢአቱን እንመዝን ካልን ሁለቱንም ሚዛን ላይ እናስቀምጥ። ደግሞም ከአንዱ ክፍት ይልቅ ሦስት ድፍን የተተኮሰበት ሰው የተሻለ ዕድል አለው ያለው ማነው?

«ፍርድ ቤት ላይ ዐቃቤ ሕጉ ጨካኝ ጥይት ያዘ ይለኛል» የሚል ስጋትም ሰምተናል። ስጋቱ ባዶ አይደለም። አሪዞና ውስጥ በ2004 አንድ ጡረታ የወጣ መምህር በእግር ጉዞ ላይ ሰው ገድሎ ሲከሰስ የያዘው ጥይት ዓይነት በችሎቱ ተነሥቶበታል፤ በ2006 ተፈርዶበት ፍርዱ የተሻረለት በ2009 ነው። መድኃኒቱ ግን ድፍኑን መያዝ ሳይሆን ፖሊስ የሚይዘውን መያዝ ነው። እንደ ስፒር ጎልድ ዶት ወይም ፌዴራል ኤች.ኤስ.ቲ. ያለ፣ የብዙ ከተሞች ፖሊስ የያዘውን ጥይት የያዘ ሰው መልሱ አጭር ነው፦ «የከተማችሁ ፖሊስ የመረጠውን መረጥሁ።» ፓኮው ላይ የራስ ቅል ተስሎ «ይበጣጥሳል» እየተባለ በየቪዲዮው የሚሸጠውን ግን እርሱት። ያ ለሻጩ ኪስ እንጂ ለእናንተ ነፍስ አልተሠራም።

እስካሁን ለሆሎው ፖይንት ጥብቅና የቆምን መስለናል አይደል? እንግዲያው አሁን እንዞርበት። ሆሎው ፖይንት ክታብ አይደለም!

አንደኛ፣ ሌባውን የሳተ ጥይት አይዘረጋም፣ አይቆምም። በዚህ አገር የቤት ግድግዳ ማለት ከጂፕሰም የተሠራ ስስ ሰሌዳ ነው። የትኛውም የመከላከያ ጥይት ይበሳዋል። ይባስ ብሎ ቀዳዳው በጂፕሰም ሲደፈን ሆሎው ፖይንቱ እንደ ድፍን ሆኖ ይቀጥላል። ኦገስት 24 ቀን 2012 ኒው ዮርክ፣ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ፊት ለፊት ሁለት ፖሊሶች አንድ ነፍሰ ገዳይ ላይ 16 ጥይት ተኩሰው ገደሉት። በዚያው ተኩስ ዘጠኝ መንገደኞች ቆሰሉ፤ ያቆሰሏቸውም የፖሊሶቹ ጥይቶችና ስብርባሪዎች ናቸው። ያኔ ፖሊሱ ሆሎው ፖይንት ከያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር! ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2008 ባወጣው ጥናት፣ ከ1998 እስከ 2006 በነበሩ የተኩስ ልውውጦች የኒው ዮርክ ፖሊሶች ከተኮሱት ዒላማውን ያገኘው 18 ከመቶው ብቻ ነው ይላል። ከመቶው ሰማንያ ሁለቱ ሌላ ቦታ አርፏል ማለት ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፈሙዝ የወጣውስ? እሱማ አፋፉንም ያልፋል።

ሁለተኛ፣ የተገዛው ጥይት በራስህ ሽጉጥ ካልተሞከረ ሸቀጥ ነው። አንዳንድ ሽጉጥ ክብ አፍንጫውን ድፍን ያለ ችግር ሲያጎርስ፣ ባለ ቀዳዳውን ይነክሳል፣ መሐል ላይ ይሰነቅረዋል። ይህንን የምታውቀው ሱቅህ ውስጥ ሰው ሲያፈጥብህ ነው ወይስ ተኩስ ሜዳ ላይ? ባለ 20ውን ሁለት ሦስት ፓኮ ገዝታችሁ በምትይዙት ካርታ፣ በምትይዙት ሽጉጥ ተኩሱት። ውድ ነው፣ አዎ። የከፋው ግን ሳይሞከር ተይዞ የከሸፈው ነው። ለልምምዱ ርካሹን ድፍን በሽበሽ ግዙ፤ ቦታው እዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም። ማታ ቤት ሲገባ ሽጉጡን አራግፎ ጧት ያቺኑ ጥይት መልሶ የሚያጎርስ አለ፤ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ማራገፉ ደግ ነው። ግን አንዲቷ ጥይት በየቀኑ ስትጎርስና ስትወጣ አረሯ ቀስ በቀስ ወደ ቀልሃው ውስጥ ይገፋል። ባሩዱ ቦታ ሲጠበው ግፊቱ ይጨምራል፤ እጅህ ላይ ሽጉጥ እስከመሰንጠቅ ሊደርስ ይችላል። ከአዲሲቷ ጋር ጎን ለጎን አቁማችሁ እዩአት። ካጠረች ጣሏት።

አራተኛ፣ ሕጉ። የቨርጂኒያ ፈቃድ የፖቶማክን ድልድይ ሲሻገሩ ወረቀት ነው፤ ዲሲም ሜሪላንድም አይቀበሉትም። ወደ ኒው ዮርክ ዘመድ ጥየቃ የምትነዱ ደግሞ መንገዳችሁ ኒው ጀርሲን ያቋርጣል። በዚያ ግዛት ሆሎው ፖይንትን ከቤት፣ ከተኩስ ሜዳና በመሐላቸው ካለው መንገድ ውጭ ይዞ መገኘት ለብዙ ዘመን ወንጀል ሆኖ የኖረ ነው። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር ሽጉጡን ብቻ ሳይሆን ጥይቱንም እንዳይዝ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በጦር መሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ደግሞ እስሩን ጨርሶ ቤቱ አይመለስም ይሆናል፤ ቀጥታ ወደ አየር ማረፊያ ነው። አንዲት ፍሬ ጥይት የአሥራ አምስት ዓመት ስደትን ገደል ልትከት ትችላለች! ከመግዛታችሁ በፊት የግዛታችሁን ሕግ ጠይቁ፣ የምታልፉበትንም ጭምር።

እንግዲህ ለዚያች እኅታችን መልስ አለብን። ምን እንበላት?

እንዲህ እንበላት። እኅታችን፣ ከክርክሩ ሁሉ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ። ሽጉጥ ላለመያዝ ብትወስኚ ማንም ፈሪ አይበልሽ፤ ገንዘቡን ሰጥቶ በሕይወት ቤት መግባት ከጀግንነትም በላይ ነው። ከያዝሽ ግን በእጅሽ ልክ የሆነ፣ የማያስፈራሽ ናይን ሚሊ ሜትር፣ በደንቡ የተፈተነ ሆሎው ፖይንት፣ በራስሽ ሽጉጥ የተሞከረ። ከዚያ ደግሞ ሥራሽ ከመጀመሩ በፊት ቆጣሪው ጋ ቁሚና ዙሪያሽን እዪ። የሕፃኑ አልጋ በየትኛው ግድግዳ በኩል ነው? ወደዚያ አይተኮስም። ምንም ቢመጣ! ማቀዝቀዣው ያለበት፣ ከጀርባው ወፍራም የጡብ ግንብ ያለበት ጎን የትኛው ነው? ይህን ያላሰበ ሰው ምንም ጥይት ቢመርጥ አልመረጠም።

ለካሊበሩ ጀግና፣ ለርካሹ ፓኮ ደንበኛና ለጋሼም ጥያቄያችን አንድ ነው። ለስንት ዓመት ስለምንመታው ሰው ስንከራከር ኖረናል፤ ስለማንመታው ሰው መቼ ነው የምንከራከረው? ባገራችን የሠርግ ተኩስ ተተኩሶ ሜዳ ላይ ሲወድቅ የለመደ ሰው፣ እዚህ ሜዳ እንደሌለ ይወቅ። እዚህ ሁሉም ነገር ግድግዳ ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው አለ።

በነገራችን ላይ እኅታችን እስካሁን አልወሰነችም። ሕፃኑም እስካሁን ማታ ማታ ያለቅሳል አሉ።